በጎልማሳነት ኮሌጅ ለሚጀምሩ፦ በአሜሪካ ስለ ትምህርት ገንዘብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ እየሠሩ፣ ቤተሰብ እያስተዳደሩ፣ ለአገር ቤትም እየላኩ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚዘጋጁ ወገኖች ዘንድ በብዛት የሚነሡ ናቸው። ጸሐፊው ራሱ በ38 ዓመቱ፣ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት እየሠራ፣ ትምህርት የጀመረ በመሆኑ አንዳንዱን መልስ ከመመሪያ፣ አንዳንዱን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ነው የሚናገረው። የፌዴራሉ ደንብ በየግዛቱ አንድ ዓይነት ሲሆን የግዛቶችና የኮሌጆች ደንብ ግን ይለያያል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዕድሜዬ ከ40 አልፏል። የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ለወጣቶች ብቻ አይደለም እንዴ?

አይደለም። የፌዴራል የትምህርት ርዳታ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ዕድሜ ይጠቅማል። 24 ዓመት የሞላው፣ ወይም ያገባ፣ ወይም የሚያሳድገው ልጅ ያለው ተማሪ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር የወላጆቹ ገቢ አይጠየቅም። የሚታየው የራሱ ገቢ፣ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ገቢ ብቻ ነው።

ከዕድሜ ይልቅ ወሳኙ የመኖሪያ ወረቀት ነው። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኛነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ማመልከት ይችላል፤ በዲቪ የመጣ ሰውም እንደማንኛውም ባለ ግሪን ካርድ የሚቆጠር በመሆኑ ዓመታት መጠበቅ አያስፈልገውም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ ፈቃድ) ብቻ የሚኖር ሰው ግን የፌዴራሉን ገንዘብ ስለማያገኝ፣ የሚኖርበት ግዛትና የሚማርበት ኮሌጅ የራሳቸው ርዳታ እንዳላቸው መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የግዛት ነዋሪነት ነው። ለፌዴራሉ ርዳታ ብቁ መሆን የነዋሪ ክፍያ ለመክፈል ብቁ መሆን ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ የአንድ ዓመት ቋሚ ነዋሪነት ትጠይቃለች። ከሲያትል ወይም ከዳላስ ተነሥቶ አሌክሳንድሪያ ዘመዱ ዘንድ ያረፈ ሰው በወሩ ቢመዘገብ ክፍያው እጥፍ ገደማ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የመንጃ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የግዛቱን ታክስ አስተካክሎ አንድ ዓመት መቆየቱ ርካሹ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። እዚህ ነርሲንግ ከመጀመሪያ ብጀምር ፔል ግራንት አገኛለሁ?

ይህ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ተማሪ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ በመሆኑ፣ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው አያገኘውም። እዚህ ያለው ኮሌጅ ዲግሪውን ባይቀበለውም፣ አሠሪዎች ከቁም ነገር ባይቆጥሩትም መልሱ ያው ነው። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቆ ዲግሪ ያልያዘ ሰው ግን አይከለከልም።

«ታዲያ ዲግሪ የለኝም ብዬ ብሞላስ?» የሚለው ጥያቄ በጆሮ የሚነገር ቢሆንም መልሱ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ሆነ ብሎ የሐሰት መረጃ የሚሰጥ ሰው እስከ 20,000 ዶላር በሚደርስ መቀጮ ወይም በእስራት ሊቀጣ ይችላል፤ ለዜግነት ለሚያመለክት ሰው ደግሞ ጣጣው ከዚያም ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ ዲግሪውን ደብቆ ከባዶ ከመጀመር ይልቅ በትራንስክሪፕት ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሞ፣ የሚቆጠሩለትን ኮርሶች አስቆጥሮ የቀረውን ብቻ መክፈል ነው። የሂሳብ፣ የኬሚስትሪና የመሳሰሉት መሠረታዊ ኮርሶች ከተቆጠሩ አንድ ሴሚስተር ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። የፌዴራል ብድርም ቢሆን ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚፈልግ ሰው አይዘጋም።

ፋፍሳ የሚያየው የትኛውን ገቢ ነው? ዘንድሮ ሥራ ልቀንስ ነው፤ ያለፈው ገቢዬ ግን ከፍ ያለ ነው።

ፋፍሳ የሚመለከተው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ጎልማሳ ተማሪን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለትምህርቱ ገንዘብ ለማጠራቀም ሲል በሁለት ሥራና በኦቨርታይም የከረመበት ዓመት ተመዝኖ «ገቢህ በቂ ነው» ይባላል። ደንቡ ለዚህ በር አለው። ሥራ የለቀቀ፣ ሰዓት የቀነሰ፣ የተፋታ ወይም ከፍተኛ የሕክምና ወጪ የገጠመው ተማሪ ቅጹን እንዳለ ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ የተለወጠውን ሁኔታ በደብዳቤና በማስረጃ ቢያቀርብ፣ ቢሮው ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን አለው። ሥልጣን አለው ማለት ግዴታ አለበት ማለት ስላልሆነ ማስረጃው የተሟላ መሆን አለበት፤ የመጨረሻዎቹ የደመወዝ ወረቀቶችና ከአሠሪ የተጻፈ የሰዓት ቅነሳ ደብዳቤ ጥሩ ማስረጃዎች ናቸው።

ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ሰዎች ታክሱ ላይ የነዳጅ ወይም የማይል ወጪያቸውን በትክክል መያዛቸው እዚህም ይጠቅማቸዋል፤ የሚታየው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ገቢ ነውና። በሌላ በኩል አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላከው ገንዘብ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። በአሜሪካ ታክስ ሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን እንደ ጥገኛ ማስመዝገብ ስለማይቻል፣ በወር 300 ዶላር የሚልከውም አንድ ዶላር የማይልከውም በቅጹ ዓይን እኩል ናቸው።

ቅጹን መሙላት በነፃ ነው። ትክክለኛው ድረ ገጽ በ«ዶት ጎቭ» የሚያበቃው ሲሆን፣ «ፋፍሳ እሞላለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ዘንድ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮሌጆቹ ራሳቸው ቁጭ አድርገው ያስሞላሉ።

ፔል ግራንት ስንት ነው? ገንዘቡስ መቼ እጄ ይገባል?

የ2025–26 ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ሲሆን እያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው እንደ ገቢውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይወሰናል። ክፍያው የሚሰላው በተመዘገቡበት ክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ) ልክ ነው። 12 ክሬዲት ሙሉ ተብሎ ስለሚቆጠር 6 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ግማሹን ያገኛል፤ 9 ክሬዲት የያዘም ሦስት አራተኛውን። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደውም የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ በመሆኑ ክሬዲት የማያስገኝ የእንግሊዝኛ ኮርስ ላይ ሁሉንም መጨረስ አይመከርም።

ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ይሄዳል። ኮሌጁ ክፍያውን ከወሰደ በኋላ ትርፍ ካለ ሪፈንድ ተብሎ ለተማሪው ይላካል፤ በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የነዋሪ ክፍያ ከሙሉው ፔል ስለሚያንስ ትርፍ መኖሩ የተለመደ ነው። ሪፈንዱ ግን ትምህርት በተጀመረ ማግሥት አይመጣም፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር መጓጓዣ፣ መጽሐፍና ኪራይ ከራስ ቁጠባ መሸፈን ግድ ነው።

ሪፈንዱ በመጣ ጊዜ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። 1,200 ዶላር በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ እንደ እጣ ይመስላል። ጸሐፊው በመጀመሪያው ሴሚስተር እንዲያ መስሎት ግማሹን በአንድ ቅዳሜ ለመኪና ጎማና ለአንድ ሠርግ ስጦታ አውሎታል። ከዚያ ወዲህ ሪፈንዱን ለ16 ሳምንት ያካፍለዋል፤ 1,200 ዶላር ለ16 ሲካፈል በሳምንት 75 ዶላር ነው። ይህ 75 ዶላር ሌላ ባንክ ከተቀመጠ ቁጠባ በየዓርቡ በራሱ እንዲተላለፍ ማዘዝ ይቻላል፤ እንደ ደመወዝ የመጣ ገንዘብ እንደ ደመወዝ ይበላል።

ትምህርቱ ርካሽ ከሆነ ሰዎች ለምን በገንዘብ ምክንያት ያቋርጣሉ?

ምክንያቱም ዋናው ወጪ የኮሌጁ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። በሰዓት 18 ዶላር የሚከፈለው ሰው ለክፍልና ለጥናት ሲል ከሳምንት 40 ሰዓት ወደ 28 ቢወርድ በሳምንት 216 ዶላር፣ በ16 ሳምንት 3,456 ዶላር ያጣል። ይህ ገንዘብ በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከአንድ ሴሚስተር ክፍያ ይበልጣል፤ ሆኖም ማንም ደረሰኝ ስለማይሰጥበት በበጀት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ከዚያ ክሬዲት ካርዱ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ጥፋቱም በትምህርቱ ይላከካል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ነገርም አለ። በፌዴራል ሕግ መሠረት ትልልቅ አሠሪዎች የጤና መድን ማቅረብ የሚጠበቅባቸው በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሠራተኛ ነው። 28 ሰዓት የወረደ ሰው ሁለት ሰዓት ብቻ ጎድሎት የቤተሰቡን መድን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከአለቃ ጋር ስለ ሺፍት ከመነጋገር በፊት የመሥሪያ ቤቱን የመድን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል፤ 12 ሰዓት ከመቀነስ 10 ቀንሶ አንድ ኮርስ በኢንተርኔት መውሰድ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያው ንግግር ላይ መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ የአሠሪው የትምህርት ድጎማ ነው። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ወጪ ቢሸፍን ለሠራተኛው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ አይጠየቅበትም። ብዙ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና ትልልቅ ሰንሰለት መደብሮች ይህ ድጎማ አላቸው፤ ባልደረቦቻችን የማይጠቀሙበት ባብዛኛው ስላልጠየቁ ነው። አንዳንዱ አሠሪ ግን ከተመረቁ በኋላ የተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግሉ ስለሚያስፈርም ውሉን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

እቁብ እየጣልኩ ነው። ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል?

እጣዎ አስቀድሞ ወጥቶልዎት ከሆነ ማቋረጥ የሚባል ነገር የለም፤ የቀረው የሰው ገንዘብ ነው፣ ዋስዎም አለበት። ስለዚህ ያንን ክፍያ እንደ ኪራይ ቆጥረው በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት። እጣዎ ገና ያልወጣ ከሆነ የእቁቡን ዳኛ ወይም የእቁቡን ጸሐፊ ቀድመው አነጋግረው ተራዎ በነሐሴ ወይም በጥር አካባቢ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ሪፈንድ ያልመጣበትና ክፍያ የሚጠየቅበት ወቅት ነውና ገንዘቡ ከማንኛውም ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። አዲስ እቁብ ሲጀምሩ ግን መጠኑን በተቀነሰው ደመወዝ ልክ ያድርጉት። በወር 1,000 ዶላር የለመደ ሰው 400 ለመጣል ማፈሩ የታወቀ ነው፤ ሰዓቱን ከቀነሰ በኋላ በ1,000ው ቀጥሎ ለዋሱ መደወል ሲጀምር ግን የበለጠ ያፍራል።

ለወላጆቼና ለወንድሞቼ የምልከውን እንዴት ልቀንስ? አያምኑኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ቀመርም የለውም። ከልምድ የሚታየው ግን ገንዘቡ ከቆመ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል፤ ትምህርቱ ሳይጀመር ከሁለትና ሦስት ወር በፊት የተነገረ ነገር ግን ዕቅድ ይሆናል። «ከመስከረም ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይህን ያህል፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ቁጥሩንና ጊዜውን መናገር «ዘንድሮ ተቸግሬያለሁ» ከማለት ይሻላል። ቤተሰብ ውስጥ ደፈር ብሎ የሚናገርልዎት አንድ ሰው፣ ታላቅ እኅት ወይም አጎት፣ ካለ ጉዳዩን በእርሱ በኩል ማስነገርም ያገራችን ወግ ነው።

ሁለት ነገሮችን በቁጥር መመልከት ይረዳል። አንደኛው በዓላት ናቸው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11፣ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 በመሆናቸው ሁለቱም ሴሚስተር በሚጀመርበት፣ ኪስ በሚራቆትበት ሰሞን ይውላሉ። የበዓሉን ገንዘብ በበጋው ወራት ሙሉ ሰዓት እየተሠራ ሳለ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለተኛው ምንዛሪው ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኑሮ ውድነቱም ስለጨመረ ለወላጅ የሚላከውን በግማሽ መቀነስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሆኖም ከ2024 በፊት በዶላር የተቆረጠውን መጠን ዛሬም ሳይመረምሩ መላክ ተገቢ አይደለም። ወላጅ የሚያስፈልገውን በብር ጠይቆ፣ ወደ ዶላር መልሶ ማስላት ይቻላል።

ስቱደንት ሎን ልውሰድ?

የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ያውም ከፌዴራሉ። ራሱን የቻለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 9,500 ዶላር ሊበደር የሚችል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ትምህርት ላይ ሳለ መንግሥት ወለዱን የሚችልለት ቢበዛ 3,500 ዶላሩን ብቻ ነው፤ በቀረው ላይ ወለዱ ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የ2025–26 የወለድ መጠን 6.39 በመቶ ነው። ብድሩን ለማግኘት ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ተማሪነት፣ ማለትም ባብዛኛው 6 ክሬዲት ይዞ፣ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮም ጣሪያው ከሙሉ ሰዓት በታች ለሚማር ሰው በተመዘገበበት ልክ ስለሚቀነስ፣ በአሮጌው ስሌት ላይ ተመሥርቶ የሚታቀድ በጀት ይጎድላል።

ኮሌጁ የሚያቀርበው መጠን የተፈቀደው ጣሪያ እንጂ የእርስዎ ፍላጎት መለኪያ አይደለም። 9,500 ተብሎ ሲመጣ 2,000 ብቻ መቀበል ይቻላል፤ ቅጹ ላይ ቁጥሩን ማሳነስ በቂ ነው። የግል ባንክ ብድር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በ45 ዓመት ዕድሜ ለተፈረመ የግል ብድር መክፈያው የጡረታ ዋዜማ ነውና።

ሙስሊም ነኝ፤ ወለድ ውስጥ መግባት አልፈልግም። መማር እችላለሁ?

ይችላሉ። ፔል ግራንትና የግዛት ርዳታዎች የማይመለሱ ስለሆኑ ወለድ የለባቸውም። ብዙ ኮሌጆች የሴሚስተሩን ክፍያ በአራት ወይም በአምስት ወር ከፋፍለው የሚቀበሉበት ዕቅድ አላቸው፤ ለመመዝገቢያ ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃሉ እንጂ ወለድ አይጨምሩም። የአሠሪ ድጎማም አለ። እቁብም ቢሆን ተራው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚማር ሰው በሴሚስተር ሁለት ሁለት ኮርስ እየያዘ ቢዘገይም ያለ ዕዳ ይጨርሳል።

ኮርሱ ቢከብደኝና ብተወው ገንዘቤ ይመለስልኛል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ኮሌጁ ባስቀመጠው የመቀነሻ ቀነ ገደብ ውስጥ ከሆነ አዎን። ከዚያ በኋላ ግን መተው ከሁሉ በላይ ውድ ዋጋ የሚያስከፍል ውሳኔ ሊሆን ይችላል። የፌዴራል ርዳታ የሚወስድ ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ከማለፉ በፊት ሁሉንም ኮርሶች ትቶ ቢወጣ፣ ያልተማረበት ድርሻ ተሰልቶ ለመንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁ የመለሰውን ገንዘብ ደግሞ መልሶ ከተማሪው ይጠይቃል። ጸሐፊው በአምስተኛው ሳምንት ሺፍቱ ወደ ሌሊት ሲዛወርበት ሁለቱንም ኮርሶች ትቶ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ከ700 ዶላር በላይ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሰው፤ ያን ከፍሎ እስኪጨርስም ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አልቻለም።

አንዱን ብቻ ትቶ በሌላው መቀጠል ጉዳቱን ያቀላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ኮሌጅ ርዳታው እንዲቀጥል ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማጠናቀቅና 2.0 አማካይ ውጤት መያዝን ስለሚጠይቅ ይህም ገደብ አለው። ሕመም ወይም የቤተሰብ ሐዘን ከሆነ ምክንያቱ፣ በማስረጃ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከመተውዎ በፊት ግን፣ በዚያው ቀን፣ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄደው «ብተወው ስንት ይጠየቅብኛል?» ብለው በቁጥር ይጠይቁ።

ልጄም በዚሁ ዓመት ኮሌጅ ሊገባ ነው። ማን ይቅደም?

ሁለታችሁም በየግል ፋፍሳ ትሞላላችሁ፤ በልጅዎ ቅጽ ላይ እርስዎ እንደ ወላጅ ይገባሉ። ቤት ውስጥ ሁለተኛ የኮሌጅ ልጅ መኖሩ ያስገኝ የነበረው ቅናሽ ከ2024–25 ጀምሮ በፌዴራሉ ስሌት ቀርቷል። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነና የእርስዎ ትምህርት በሁለት ዓመት ውስጥ ደመወዝዎን የሚያሳድግ ከሆነ፣ የእርስዎ ቢቀድም ለልጁም ይጠቅመዋል ብሎ ጸሐፊው ያምናል፤ ሌላው ወላጅ በዚህ ላይስማማ ይችላል። የጡረታ ቁጠባን፣ 401ኬን ጨምሮ፣ ለክፍያ ማውጣት ግን አይመከርም፤ እዚያው ሳለ በፋፍሳ እንደ ሀብት የማይቆጠር ገንዘብ ሲወጣ ገቢ ይሆናልና።

ታክስ ስሠራ የሚመለስልኝ ነገር አለ?

አለ። ኮሌጁ በጃንዋሪ 1098-ቲ የሚባል ቅጽ ይልካል። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማርና ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ተማሪነት የተመዘገበ ሰው ለአራት ዓመት በየዓመቱ እስከ 2,500 ዶላር የታክስ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚህም እስከ 1,000 ዶላር የሚሆነው ታክስ ባይኖርበትም በእጁ ይመለስለታል። በዚህኛው ቅናሽ ለመጻሕፍት የወጣው ስለሚቆጠር ደረሰኝ አይጣልም። አንድ ኮርስ ብቻ ለሚወስድ ሰው እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ ሌላ ቅናሽ አለ፤ ሁለቱን ለአንድ ተማሪ በአንድ ዓመት መጠየቅ ግን አይቻልም። ባለትዳሮች ታክስ ለየብቻ ከሠሩ ሁለቱንም ያጣሉ።

መጻሕፍትስ?

አንደኛው ሳምንት ሳያልቅ አይግዙ። መምህሩ መጽሐፉን በእርግጥ ይጠቀምበት እንደሆነ፣ የቀድሞው እትም ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሁለት ሰዓት የሚዋሱት ቅጂ ካለም ከሥራ በፊት እዚያው ያንብቡት። የቤት ሥራው የሚሠራበት የይለፍ ቁጥር አብሮት የሚሸጥ መጽሐፍ ከሆነ ግን አሮጌውን መግዛት ትርፍ የለውም፤ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው።